በኢንተርኔት ስለሚሰጠው የርቀት ትምህርት አጭር ትችት

ሰንጋ ተራ ለረጅም ዘመን የንግድ ሥራ ትምህርት የተሰጠበት፥ ዛሬም ባንኮች የተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ለመማር የሚሹ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ላሉት ሰዎች ትምህርቱ በኢንተርኔት ወደ ቤታቸው መምጣቱ ታላቅ ጥቅም መሆኑን አንክድም፤ ያልገባቸውንም ደጋግመው ማድመጥ ይችላሉ። ነገር ግን ትምህርትን ማድረስና ማስተማር እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ስለምናይ፥ ልዩነቱን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ያለፈውን እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር፥ ትምህርቱ ተዘጋጅቶ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ፥ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ለክፍሉ መምህር የተተዉለት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪው ባይገባውም ቴሌቪዥኑን አቁሞ ሊጠይቀው አይችልም፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይጠብቀውም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ የሆነው ነው። ትምህርቱ በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ ግን፥ በእርሱ ብቻ የተማመነው ተማሪ ከመምህሩ ጋራ ተለያየ።

ይሁንና ዋናው ችግር የመሣሪያው መቋረጥ ነው አንልም። ከሒሳብ አያያዝ ትምህርት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው የ500 ብር የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ሲመዘግብ፥ ገንዘቡን በዴቢት፥ ሽያጩን በክሬዲት ማስፈር ሲገባው ገልብጦ ጻፈው እንበል። የሁለቱ ወገን ድምር እኩል ስለሚሆን ስሕተቱ በድምሩ አይታወቅም፤ ተማሪውም ትክክል የሠራ መስሎት ያልፋል። ይኸንን የሚያይለት ሥራውን ተቀብሎ የሚያርም መምህር ነው። የኔታም ቢሆኑ ተማሪው ሲያነብ ሰምተው ያርሙታል እንጂ፥ እርሳቸው ብቻ አንብበው አያሰናብቱትም።

የምርጫ ጥያቄዎችን መሣሪያው ራሱ ያርማል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አውቆ የመለሰውንና በግምት ያገኘውን በዚህ ብቻ ለመለየት አይቻልም።

ስለዚህ የርቀት ትምህርት ከሚሰጡ ተቋሞች ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል እንላለን። አንደኛ፥ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚነበብ ሞጁል ለተማሪው ይሰጠው። ሁለተኛ፥ በየምዕራፉ የሠራው ሥራ ታርሞ፥ የስሕተቱም ምክንያት ተጽፎበት ይመለስለት። ሦስተኛ፥ ለአንድ መምህር ሊያርምላቸው ከሚችለው በላይ ተማሪዎች አይመደቡበት። ይህ ሁሉ ወጪ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ነገር ግን ነገ በዲግሪው ታምኖ የሌላውን ሰው ገንዘብ የሚመዘግበው ይኸው ስሕተቱን ማንም ያላሳየው ተማሪ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።