የጅቡ ሥዕልና የማረሻው ሥዕል፦ ቤተ እስራኤል በሕፃናት መጻሕፍት

የጎንደር ደጋ ልጅ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ስለ ጠይብ አንድ ሥዕል በአእምሮው ይዞ ያድጋል፤ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ። ይህን የሣለው ሠዓሊ ሳይሆን ተረት ነው። ስለዚህ ሥዕላዊ የሕፃናት መጽሐፍ ታሪክንና ዕርቅን ያስተምር ስንል፣ ቀድሞ ከተሣለ ሥዕል ጋር ይታገል ማለታችን ነው።

ማክሲን ሮዝ ሹር ጽፋ ብራያን ፒንክኒ የሣላቸውን ሁለት መጻሕፍት በዚህ ዓይን ተመለከትሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ለሰንበት ሲዘጋጅ ያሳያል፤ በ1996 የወጣው ደግሞ ስደታቸውን በሱዳን በኩል እስከ እስራኤል ይከተላል። ፒንክኒ ጥቁሩን ቀለም እየፋቀ ነጩን መስመር ማውጣቱ ለጎጆ ጨለማና ለእሳት ብርሃን እጅግ ይስማማል። ሆኖም መጻሕፍቱ እንግዳን ለአሜሪካ ልጅ ማስተዋወቂያ ናቸው። ለጎንደር ልጅ እንግዳ የተባለው ሰው ጎረቤቱ ነበር፤ ማረሻውን ያበጀለት፣ ርስት ተነፍጎ በወናፍና በሸክላ ያደረ፣ በነገሥታቱም ዘመን ግንበኛና አናጢ የነበረ።

ጎረቤቱን የደፈረችው ጄን ከርትዝ ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ልቦለድ ቅማንቷ ሳሃይ ቤተ እስራኤሎችን እንድትፈራ ተደርጋ ያደገች ናት፤ ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ግን ከዓይነ ስውሯ ራሄል ጋር ትተሳሰራለች። ጥላቻው በሁለት የተናቁ ወገኖች መካከል መሆኑ የድርሰቱ ትልቁ እውነት ይመስለኛል። በ2011 ዓ.ም. በጭልጋና በአካባቢው በአማራና በቅማንት ስም የፈሰሰውን ደም ላየ አንባቢ ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ግን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ለትንንሾቹም ይረዝማል።

ስለ ቅርጽ ከካናዳ እንማር። ዴቪድ ሮበርትሰንና ጁሊ ፍሌት፣ ሁለቱም ከክሪ ሕዝብ የሚወለዱ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የልጅ ልጅ ትጠይቃለች፣ አያት ትመልሳለች፦ ደማቅ ልብስ የምትወድደው በአዳሪ ትምህርት ቤት ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀለም ስላለበሷቸው ነው። ግፉ በአንድ ልብስ ይነገራል፤ ስብከት የለም።

ስድቡን መጻፍ ስድቡን ማስተማር ነው የሚሉ ይኖራሉ። አልስማማም፤ “ቡዳ” የሚለው ቃል በገጹ ላይ ካልወጣ ልጁ ቤቱ የሰማውን ይዞ ይቀራል። ጅቡም ይሣል፣ ማረሻውም አጠገቡ ይሣል።

ከ1977ቱና ከ1983ቱ ታላላቅ ጉዞዎች በኋላ በወለቃ የቀሩት ጸሎት ቤቱና የሸክላ ምስሎቹ ናቸው። ዛሬ ምስሎቹን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። የአማርኛው መጽሐፍ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ አፍ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ እናቷን፣ “እማዬ፣ እነዚህ የምንሠራቸው ሰዎች ለምን ሄዱ?” ብላ ስትጠይቅ።