የሁለት ሞላዎች ሥራ

አምስት ጥይት ብቻ የምትጎርሰው የአሜሪካኖቹ ትንሽ ሪቮልቨር፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣችው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቺፍስ ስፔሻልና ዘሮቿ ማለቴ ነው፣ ለኪስ እንጂ ለጣት አትመችም። ክብደቷ ባዶዋን ግማሽ ኪሎ ብታልፍ ነው፤ ምላጯ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ምን ይደረግ፣ በአንድ ስበት መቺውን ወደ ኋላ መወጠርም፣ ጥይት ያዡን ማዞርም አለባት።

የሞላ ቅየራን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ብረት አይሞረድም። መቺውን የሚገፋውና ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላዎች ወጥተው ለስለስ ያሉ ይገባሉ፣ በቃ። መላሹ አጭር ሞላ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ሲፈታ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ የለመደ ጠጋኝ መዳፉን ይጋርድበታል። ከዚያ ባዶዋን ሲስቧት ምላጩ ቅቤ የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል።

ማላላቱ ሲበዛ ደግሞ መቺው የጥይቱን ቂጥ ዳበስ አድርጎ ይቀራል፤ «ቀጭ» ብቻ። ምላጩም ሲመለስ ይለግማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ተኩስ ሜዳ ወርዶ፣ ባለቤቷ የሚይዘውን ዓይነት ጥይት ደጋግሞ ሳይተኩስ ሽጉጧን አያስረክብም።