መስፈርቱን ያለፈ፣ ንባቡን የሳተ፦ የኦንላይን ሥልጠና በካርቱም
የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2008) የቃላት አነባበብን የሚመለከተውን መስፈርት ያኖረው በሦስተኛው፣ በከፍተኛው እርከን ነው፤ መንግሥታት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገድዱት እስከ ሁለተኛው ብቻ ነው። አደላደሉ በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ይመስላል። የሱዳን የ2005 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ከእንግሊዝኛ ጋር የሥራ ቋንቋ ያደረገው ዓረብኛ ግን አጫጭር አናባቢዎቹን በተለመደው ጽሑፍ አያሳይም።

በካርቱም ማየት የተሳነው የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጠናውን በስክሪን አንባቢ ሲከታተል፣ ዓይን፣ ላም፣ ሚም የተባሉት ሦስት ፊደላት «ዒልም» (ዕውቀት)፣ «ዐለም» (ሰንደቅ ዓላማ) ወይም ላሙ ጠብቆ «ዐለመ» (አስተማረ) ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያይ ባልደረባው ፊደሉን አይቶ ከዐውዱ ይመርጣል፤ ለሰሚው የሚደርሰው ማሽኑ የመረጠለት አንዱ ንባብ ብቻ ነው። አማርኛም ቢሆን «አለ»ን ላልቶና ጠብቆ በአንድ መልክ ይጽፋል።

ቢያንስ የሥልጠናው ቁልፍ ቃላት አናባቢ ምልክት ሊደረግባቸው ሲገባ፣ ያለ ምልክቱም ሁለተኛውን እርከን ያልፋሉ።