በመስጊድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ቃል መሰማት

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሲሪንቃ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ የቀድሞው መስጊድ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ሣር የሆነ ክብ ቤት ነበር። የዛሬው ግን በብሎኬትና በስሚንቶ የሚሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ወይም ጉልላት የተደረገለት ሰፊ አዳራሽ ነው። ስለ አዲሱ መስጊድ ሲወራ ስፋቱና የሚናራው ቁመት ይነሣል፤ ኹጥባው ከኋለኛው ረድፍ ይደርሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሒሳችንም በዚሁ ላይ ነው።

ሣር ድምፅን ይጠጣል፤ ስሚንቶ ከሞላ ጐደል እንዳለ ይመልሰዋል። አሜሪካዊው ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በሃርቫርድ መርምሮ እንዳረጋገጠው፣ ድምፅ የሚያስተጋባበት ጊዜ በአዳራሹ ይዘት መጠን ይረዝማል፤ ድምፅ በሚጠጣው ነገር ብዛት ያጥራል። በዚህ ስሌት 20 ሜትር በ15 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የስሚንቶ አዳራሽ ባዶውን 3 ሰከንድ ተኩል ያህል ያስተጋባል፤ 300 ሰው ሲሞላው ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። ለንግግር የሚመረጠው ግን 1 ሰከንድ ገደማ ነው። እንግዲህ ዓርብ ሕዝቡ ራሱ መድኃኒት ይሆናል፤ በአዘቦት ቀን ጥቂት ደረሶች ከሼኹ ፊት ሲቀመጡ ግን መድኃኒቱ የለም።

በአማርኛ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የባሰ ይመስለኛል፤ ማጥበቅና ማላላት ትርጕም የሚለይበት ቋንቋ ነውና። «ይሰማል» ላልቶ ሲነገር ሰውየው ሰሚ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ተሰሚ ነው። ልዩነቱ ያለው ፊደሉ በሚዘገይባት እጅግ አጭር ጊዜ ላይ ነው፤ ይህችን ጊዜ ያለፈው ድምፅ ጭራ ከሸፈናት አድማጩ በግምት ይከተላል። (መንዙማና የቁርኣን ንባብ ከረዘም ያለ ማስተጋባት ግርማ ያገኛሉ፤ ስለዚህ አዳራሹን ፈጽሞ ማፈንም አይገባም።)

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ድምፅ ማጉያ ነው። ነገር ግን ማጉያው ቃሉን ሲያሳድግ ማስተጋባቱንም አብሮ ያሳድጋል። አንድ ታላቅ ማጉያ ከፊት ከመስቀል ይልቅ ትንንሾቹን ወደ ሰሚው አቅርቦ ማዞር ይሻላል። ከዚያም በፊት ግድግዳውን መመልከት ይገባል። ታላቁ አናጢ ሲናን እ.ኤ.አ. በ1557 በተፈጸመው በኢስታንቡሉ የሱለይማንያ መስጊድ ጉልላት ውስጥ የሸክላ ገንቦዎች አስገብቷል። ለእኛ አገር ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ወይም ሰሌን ከኋለኛው ግድግዳ ትንሽ አርቆ መስቀል፣ ከቆርቆሮውም በታች ኮርኒስ ማድረግ ርካሽ ነው፤ ኮርኒሱ የክረምቱን ዝናብ ጩኸትም ያበርዳል።

በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር ለገበሬው ከመታደሉ በፊት በማሳ ይፈተናል። የአዳራሽ ንድፍ ግን ሳይፈተን ከከተማ ይቀዳል። ፈተናው እኮ ከባድ አይደለም፤ የሕንፃ ሥራ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ቢሞክረው መልካም ነው። አንድ ሰው ከሚንበሩ ሆኖ የሚጠብቁና የሚላሉ 50 ቃላት ያንብብ፤ በኋለኛው ረድፍ ያሉት የሰሙትን ይጻፉ። ይህም ግድግዳው እንደ ቆመ፣ የመዋጮው ገንዘብ በሚናራው ላይ ሳያልቅ ይደረግ።