ከትከሻው በፊት እግሩ

እስክስታ የሚያይ ሰው ዓይኑ ትከሻ ላይ ያርፋል። እኔ እግር አያለሁ። ወደ ልምምዳችን አዲስ ልጅ ሲመጣ ትከሻው የቱን ያህል እንደሚፈጥን አልጠይቅም። ከበሮው ከመጀመሩ በፊት እንዴት እንደቆመ፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንዳሳረፈ፣ ጉልበቱ የተገተረ ወይም የላላ መሆኑን ነው የማየው። ጉልበቱን የገተረ ተወዛዋዥ ትከሻው ምንም ቢፈጥን አንገቱ ይደርቃል፤ ትንፋሹም ደረቱ ላይ ይቀራል። ጉልበቱን ለቀቅ ያደረገው ግን ንዝረቱ ከተረከዙ ተነስቶ፣ በወገቡ አልፎ፣ ትከሻው ላይ ሲደርስ ይታያል። በተወዛዋዥነትም በኮሪዮግራፈርነትም ከኖርኩበት ሙያ አንድ ነገር ለይተህ ንገረን ብባል የምናገረው ይህንኑ ነው፦ ውዝዋዜ የሚሠራው ከወለሉ ጋር ነው።

የአገራችንን ውዝዋዜዎች በዚህ ዓይን መለስ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ያገኛል። የጉራጌ ተወዛዋዥ ወገቡን ወደፊት አዘንብሎ በእግሩ ጣቶች ይፈናጠራል፤ መሬቱን ነክቶ ወዲያው ይለቀዋል። በወላይታው ክብደት ዳሌ ላይ ይቀመጣል። በትግራይ ክቡን እየዞሩ የሚራመዱት እግራቸውን ከመሬት ብዙም አያነሱም፤ ከበሮው ሲፋጠን ነው ሰውነት የሚነቃው። እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ወረብ ነው። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዘነብሉ ክብደታቸው ሳይቸኩል፣ ሳይቆራረጥ ይሻገራል። ብዙ የዘመናዊ ዳንስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን የሚያለፏቸው ይህን ዝግታም ለማስተማር ነው። እኛ ጥምቀት በመጣ ቁጥር በዓይናችን እናየዋለን።

ዘመናዊው ዳንስ ለእኛ የጨመረልን መውደቅን ነው። ወደ እኛ ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ብሪታንያዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» በተባለው የሙዚቃ ድርሰት ላይ የተመሠረተ ዳንስ ሠራ። አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው። ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ የወጡት ከዚህ ቡድን ነው። ጁነይድ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣት ጥበበኞችን ከታላላቅ ባለሙያዎች ጋር በሚያገናኘው የሮሌክስ መርሐ ግብር ተመርጦ ሥራውን በትንፋሽና በአየር ላይ ከመሠረተው ጃፓናዊ ኮሪዮግራፈር ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠራ፤ በኋላም ከአዲሱ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን በአዲስ አበባ አቋቋመ። በአዱኛ ዙሪያ አካል ጉዳተኛ ተወዛዋዦችም ሠልጥነዋል፤ አሠልጣኛቸው ብሪታንያዊው ኮሪዮግራፈር አዳም ቤንጃሚን ነበር። በእጆቹ ተደግፎ የሚንቀሳቀስ ሰው ወለሉን ከማንኛችንም በላይ ያውቀዋል። ከእንዲህ ዓይነት ተወዛዋዥ ጋር የመሥራት ዕድል ያገኘ ኮሪዮግራፈር ይማር እንጂ አያስተምር።

መውደቅ ለእኛ ተመልካች ከባድ ነው። መድረክ ላይ ሰው ሲወድቅ ከወንበሮቹ መካከል «እኔን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ የፍቅር ድምፅ ነው፤ ደስ ይለኛል። ተወዛዋዡ ግን እንዲታዘንለት አይደለም የወደቀው። የሚወድቀው ሰው አወዳደቁን አጥንቶታል። መጀመሪያ ትንፋሹን ያወጣል፤ ትንፋሹን ይዞ የሚወድቅ ሰው እንደ ድንጋይ ነው የሚያርፈው። ቀጥሎ ጉልበቱን አጥፎ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ከፍታው በቀነሰ መጠን አደጋውም ይቀንሳል። ከዚያ የባቱ ጎን፣ ጭኑ፣ መቀመጫው፣ ጀርባው በተራ መሬት ይነካሉ። የጉልበት ሎሚና ክርን ቀድመው አይነኩም። እጁ መሬቱን አይመታም፤ ተንሸራቶ ይረዝማል። አወዳደቁ ያማረ እንደሆነ አነሳሱ ከውስጡ ይወጣል፣ የወደቀበት ኃይል ራሱ መልሶ ያቆመዋል። አሜሪካዊቷ ዶሪስ ሃምፍሪ ሙሉ ስልቷን የገነባችው በዚህ በመውደቅና በመመለስ መካከል ባለው ቦታ ላይ ነው። ልጆቼ ይህን እስኪችሉ ድረስ ሙዚቃ አልከፍትላቸውም።

«ጋሼ፣ ዛሬም መራመድ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ መራመድ ነው። ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ፣ ምንም ሳይጨምሩ። ኮሪዮግራፈር ብዙ እንቅስቃሴ የሚፈጥር ሰው ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሥራው በአብዛኛው መቀነስ ነው፤ አንዲት ዘንበል ማለት ሙሉ ትርኢት ልትሸከም እንደምትችል አምኖ ሌላውን ማስወጣት። የምሽት የባህል ምግብ ቤት ሥራ ይህን አይፈቅድም። እዚያ በአንድ ምሽት ከብሔር ብሔር እየዘለሉ፣ ልብስ እየቀያየሩ፣ ሁሉንም በጥቂት ደቂቃ ማሳየት ግድ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራችንን የበላነው ከዚያ ነው፤ አልንቀውም፣ ጽናትም ያስተምራል። ነገር ግን ከዚያ ውጭ ሌላ መድረክ ያላየ ወጣት አንድን እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው የመመርመር ዕድል አያገኝም።

ወለል ራሱ ሥራውን እንደሚጽፈው ያሳየችው ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ ናት። በ1975 እ.ኤ.አ. የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» ስትሠራ መድረኩን አፈር አለበሰችው። ተወዛዋዦቹ ሲሮጡ እግራቸው ይሰምጣል፣ ልብሳቸው ይቆሽሻል፣ ድካማቸው የማስመሰል አይሆንም። ይህንኑ ሥራ ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ 38 ተወዛዋዦች በሴኔጋል፣ ኮሪዮግራፈር ዤርሜን አኮኚ ባቋቋመችው ኤኮል ዴ ሳብል በተባለው የዳንስ ትምህርት ቤት ተለማመዱት። በመጋቢት ወር 2020 እ.ኤ.አ. ትርኢቱ በኮሮና ሲሰረዝ ቱባብ ዲያላው በተባለው መንደር የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጥተው ጨፈሩት፤ በፊልምም ተቀረጸ። እንቅስቃሴው የባውሽ ነው፤ አሸዋው ግን ለእነዚያ አፍሪካውያን እግሮች ሌላ ክብደት ሰጣቸው። እኔ ከዚያ ፊልም በኋላ መድረክ ባዶ ቦታ ነው የሚል ሰው አላምንም።

እኛስ በምን ላይ ነው የምንጨፍረው? ሲሚንቶ ላይ። ሴራሚክ ላይ። ክሊፕ ሲቀረጽ ኮብልስቶን ላይ። ከዝላይ የሚያርፍ ሰውነት የሚያመጣውን ኃይል ሲሚንቶ አይቀበልም፤ ወደ ቅልጥም፣ ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይመልሰዋል። ቅልጥማቸው በየጊዜው የሚያማቸው፣ ጉልበታቸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚያብጥ ልጆች በየልምምድ ቤቱ አሉ። ችሎታ ሳያንሳቸው በዚህ ምክንያት ሙያውን የተዉም አሉ። መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም። አግዳሚ እንጨቶች ተሰናስለው፣ በመካከላቸው አየር ቀርቶ፣ ከሥራቸው ጎማ ተደርጎ፣ ጣውላ ይነጠፍባቸዋል፤ ከላይ የማያንሸራትት የፕላስቲክ ምንጣፍ ይዘረጋል። አገር ውስጥ ያለ ጥሩ አናጢ ይሠራዋል።

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች አዳራሽ፣ የባህል ማዕከል፣ ትምህርት ቤት የምታሠሩ ሁሉ፦ ለመብራቱና ለወንበሩ የምታወጡትን አላበዛችሁም። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ግን አንድ ተወዛዋዥ ጠርታችሁ ስለ ወለሉ አማክሩት።