የሰው ወርቅ ያደምቃል ወይ? ስለ «ሰባቱ ሳሙራይ» እና ስለ ተከታዮቹ

ዳግም ስለ ተሠሩ ፊልሞች ክርክር በተነሣ ቁጥር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ቀድሞ ይመዘዛል። ዋናው ካለ ሁለተኛውን ምን አመጣው? የሚሉ ወገኖች አሉ። በአንጻሩም አዲሱ ቀለም አለው፣ ድምፁ ይጠራል፣ ፈረሱም ይሮጣል፤ የድሮውን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የሚሉ አሉ። በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች መመዘኛውን ስተዋል እንላለን። ዳግም የተሠራ ፊልም የሚመዘነው የመጀመሪያው የጠየቀውን ከባድ ጥያቄ ደፍሮ በመጠየቁ ወይም በመሸሹ ነው።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 ያዘጋጀውን «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ነገሩ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ጃፓን በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ የሆነ ነው። አንድ የገበሬ መንደር፣ አዝመራው ሲደርስ ሽፍቶች እንደሚመጡበት ያውቃል። ገበሬዎቹ ተማክረው ጌታ አልባ የሆኑ፣ የተራቡ ሳሙራዮችን ፍለጋ ይወጣሉ። ደመወዙ ሩዝ ነው፤ ተዋጊዎቹ ሩዙን ሲበሉ ገበሬዎቹ ከዚያ ያነሰ እህል ይበላሉ። ሰባት ሰዎች ተገኙ፤ አርባ ሽፍቶችን ተዋጉ፤ ከሰባቱ አራቱ ሞቱ።

ይህን ያህሉን ማንም ሊቀዳው ይችላል። ለመቅዳት የሚያስቸግረው መካከሉ ላይ ያለው ነው። ሳሙራዮቹ አንድ ቀን ገበሬዎቹ የደበቁት ጥሩርና መሣሪያ ይቀርብላቸዋል፤ በጦርነት ተሸንፈው ከሸሹ ሳሙራዮች ላይ ገድለው የገፈፉት ነው። ልንሞትላቸው የመጣነው ለእነዚህ ነው? በማለት የሁሉም ፊት ይጠቁራል። ያን ጊዜ ኪኩቺዮ የተባለው፣ ሳሙራይ ነኝ እያለ የሚፎክረው የገበሬ ልጅ ይፈነዳል። ገበሬ ተንኮለኛ መሆኑን፣ እህል መደበቁን፣ መዋሸቱን፣ መግደሉንም አልካደም። ግን እንዲህ ያደረገው ማን ነው? መንደሩን ያቃጠለው፣ እህሉን የዘረፈው፣ ሴቶቹን የደፈረው ባለ ሰይፉ አይደለምን? ብሎ ጓደኞቹን ፊት ለፊት ይጠይቃቸዋል። መሪያቸው ካምቤይ መልስ አጥቶ እንባ በዓይኑ ያቀርራል። ከዚህ በኋላ በዚያ መንደር ንጹሕ የሚባል የለም፤ ጠባቂውና ተጠባቂው አንዱ የሌላውን ደም እያወቀ ጎን ለጎን ይቆማል። ታጣቂ ሲመላለስበት በነበረ መንደር የኖረ ሰው ይህን ትርኢት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በ1960 አሜሪካዊው ጆን ስተርጅስ ይህንኑ ታሪክ ወደ ሜክሲኮ ድንበር አምጥቶ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብሎ ሠራው። ሰይፉ ሽጉጥ፣ ሩዙ ሃያ ዶላር ሆነ። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውም በሁለት ሰዓት ገደማ ተጠናቀቀ። ፊልሙ የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ነበርና የአገሩ ሳንሱር፣ ቀደም ሲል በአንድ የአሜሪካ ፊልም ሕዝቡ በመዋረዱ ተቆጥቶ ስለ ነበር፣ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ስለዚህ ገበሬዎቹ መጀመሪያ የሚወጡት ጠመንጃ ሊገዙ ነው እንጂ ሰው ሊቀጥሩ አይደለም፤ ነጭ ልብሳቸውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቆሽሽም። ቁጣው ይገባናል፤ ስለ ክብሩ የማይቆረቆር ሕዝብ የለም። ነገር ግን ልብሱ የማይቆሽሽ ገበሬ የሚደብቀው ጥሩር አይኖረውም። ከመንደርተኞቹ አንዳንዶቹ ፈርተው ሰባቱን ለሽፍታው አሳልፈው ቢሰጡም፣ ፍርሃት ሌላ የደም ዕዳ ሌላ ነው። የኪኩቺዮ ክስ ፈጽሞ አልቀረም፤ ቺኮ የተባለው ወጣት በጥቂት ቃላት ያነሣዋል። ዳሩ ግን ቺኮ የተሠራው በጃፓኑ ፊልም ከነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ከቁጡው ኪኩቺዮና ከአፍቃሪው ለጋ ሳሙራይ ነው። በመጨረሻ ፍቅሩ ቁጣውን ዋጠው፤ ሽጉጡን አውልቆ ከመንደሯ ልጅ ጋር ቀረ። በጃፓኑ ፊልም ግን ልጅቷ ወጣቱን በዝምታ አልፋው ሩዝ ተከላ ትወርዳለች። ያ በመካከላቸው የቀረ ገደል ነው እውነቱ።

ሌላም የጠፋ አለ። በዋናው ፊልም አራቱም ሳሙራዮች የሚሞቱት በነፍጥ ነው። ሽፍቶቹ ያላቸው ሦስት ነፍጥ ብቻ ነው፤ በሰይፍ አቻ ያልነበረው ኪዩዞ እንኳን ከሩቅ በተተኮሰ ጥይት ይወድቃል። የአንድ ዘመን ሞት በዚያ ይነበባል። ሁሉም ተኳሽ በሆነበት በአሜሪካው ፊልም ይህ ትርጉም ሊኖር አይችልም።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የአሜሪካው ፊልም በዋናው ያልነበረ አንድ ትርኢት ጨምሯል። የመንደሩ ሕፃናት ከተዋጊዎቹ አንዱን በርናርዶን ወደውት፣ አባቶቻችን ፈሪዎች ናቸው ይሉታል። በርናርዶ ይቆጣል፤ ልጁን ይገርፈዋልም። ሽጉጥ መያዝ ጀግንነት አለመሆኑን፣ አባቶቻቸው ግን ሚስትና ልጆችን በጫንቃቸው ተሸክመው በየቀኑ መሬት መቆፈራቸው እሱ ያልደፈረው ጀግንነት መሆኑን ይነግራቸዋል። ወረፋ ቆሞ እህል ተቀብሎ ወደ ልጆቹ የሚመለስ አባት በመካከላችን ብዙ ነው። ልጁም የታጠቀውን እያየ ያፍርበት ይሆናል። እኛ ለዚህ አንድ ትርኢት ስንል የፊልሙን መሠራት እንደግፋለን።

በ1975 ህንዳዊው ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው «ሾሌይ» ቅጂ ነኝ ባይልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቀጣሪው መንደሩ ሳይሆን ታኩር የተባለ የቀድሞ ፖሊስ ነው፤ ጋባር ሲንግ የተባለው ሽፍታ ቤተሰቡን ፈጅቶ ሁለት እጆቹን ቆርጦበታል። የተቀጠሩትም ሁለት ሌቦች፣ ጃይና ቪሩ ናቸው። የመንደሩ ጥያቄ ወደ አንድ ሰው በቀል ጠበበ። ቢሆንም ፊልሙ በራሱ መሬት ላይ ቆሟል። ዓይነ ስውሩ ኢማም ልጁ በሽፍታው ተገድሎ አስከሬኑ ሲመጣለት፣ መንደርተኛው ሁለቱን ሰዎች አስወጥተን እንገላገል ይላል። ለመንደሩ የሚሞቱ ሌሎች ልጆች ስላልሰጠኸኝ ብሎ ፈጣሪውን የሚወቅሰው ያ ሽማግሌ ነው። ይህ ከጃፓን የተቀዳ አይደለም። በዚያም ቢሆን ሳንሱር እጁን አስገብቷል፤ ታኩር ሽፍታውን ረግጦ የሚገድልበት ፍጻሜ ተነሥቶ ፖሊስ ደርሶ እንዲይዘው ተደርጓል።

በ2016 አንትዋን ፉኳ የአሜሪካውን እንደገና ሠራው። ሽፍታው በማዕድን ቆፋሪ ከበርቴ ተተካ፤ ይህ መልካም ሐሳብ ነው፣ መሬት የሚነጥቅ ሁሉ በፈረስ አይመጣምና። ነገር ግን ዴንዘል ዋሽንግተን የሚጫወተው መሪ የእናቱንና የእኅቶቹን ደም ሊመልስ የመጣ መሆኑ በመጨረሻ ይገለጣል። ካምቤይ በዚያ መንደር የሞተበት ዘመድ አልነበረውም። ባዕድ ለባዕድ ስለ ምን ይሞታል? የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ተቀበረ።

ወደ ተረታችን እንመለስ። ወርቁስ ቢሆን ከማን ነው? ኩሮሳዋ ራሱ የአሜሪካዊውን የጆን ፎርድን ፊልሞች የሚያደንቅ፣ ከእሳቸውም የተማረ ሰው ነበር። እንግዲህ መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተዋሱትን ከባድ ነገር አቅልሎ መመለስ ነው።

ፊልም አይቶ ላላየው የሚተርክ ሁሉ ዳግም ሠሪ ነው፤ በመጠለያችንም እንዲህ ያለ ተራኪ ሞልቷል። ለልጆቻችን ስለ መንደራችን ስንተርክም እንዲሁ ነን። የፈረሱን ሩጫ ማንም አይረሳውም። የተደበቀውን ጥሩር ግን ለመዝለል እንፈተናለን። አደራችን እሱን እንዳትዘሉት ነው፤ ልጆቹ የሚያውቁት የእኛን ቅጂ ብቻ ይሆናልና።