ወለል ላይ የተለጠፈ መስመር

በፊዚዮቴራፒ ውስጥ ከማውቃቸው ዘዴዎች ይበልጥ የምወደው ማሽን የለውም። ወለል ላይ በአግድም፣ በአንድ እርምጃ ልክ እየተራራቀ የሚለጠፍ ባለቀለም ፕላስተር ነው፤ በቃ።

የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በር ጋ ሲደርስ ወይም ሊዞር ሲል ድንገት ቀጥ ይላል። ጉልበት አጥሮት አይደለም። ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ሲመናመኑ ሳናስበው የምንሠራው ነገር ይሰናከላል፤ መራመድ ዋነኛው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ሲገልጽ ስለ አካሄድ መበላሸት ጽፏል።

ያው ሰው መስመር ሲያይ ግን እግሩን አንስቶ ይሻገረዋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ዓይን ያየውን የሚከተል እንቅስቃሴ የተጎዳውን የአንጎል ክፍል በከፊል ያልፈዋል ተብሎ ይታመናል። ለአንዳንዱ ደግሞ ምት ይሻለዋል፤ ሜትሮኖም ወይም ጎን ሆኖ «አንድ፣ ሁለት» የሚል የልጅ ልጅ (ከሁለቱ እኔ ልጁን እመርጣለሁ)።

ሕመሙን አያድንም፣ ለሁሉም አይሠራም፣ መስመሩ ሲያልቅ እግር ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። ቢሆንም ማንንም ሳይጠሩ ከመኝታ ቤት መጸዳጃ ቤት መድረስ ለአንድ አዛውንት ትልቅ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ለሚለጥፍ አንድ ማሳሰቢያ፦ መስመሩ መንገዱን ያቋርጥ፤ በመንገዱ ቁመት የተዘረጋ እምብዛም አይረዳም።